ከሐይቅ እስከ ናጋሳኪ፦ የወንጌል ተልእኮ በምን ይጸናል?

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄዱ ሐይቅ ከተማ ይገኛል። ከተማዋ ስሟን ያገኘችው በአጠገቧ ከተንጣለለው ውሃ ነው። ቀድሞ በውሃ የተከበበችው፣ ዛሬ ግን ከየብስ ጋር የተያያዘችው ደሴት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም መቀመጫ ናት። በ13ኛው መቶ ዘመን በዚህች ጠባብ መሬት ላይ የተማሩ ሰዎች ትምህርታቸውን ይዘው እስከ ሸዋ ደርሰዋል።

ይህን ጽሑፍ ያስነሣው ጥያቄ ግን ስለ ሩቅ አገር ነው። ስለ ዓለም አቀፍ ተልእኮ ስንነጋገር የጃፓን ስም መነሣቱ አይቀርም። ከ120 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ባላት በዚያች አገር ክርስቲያን የሚባለው በጠቅላላው ከመቶ አንድ ያህል ነው። ስለዚህ አገልጋዮችና ተማሪዎች “እኛ ከኢትዮጵያ ሆነን በጃፓናውያን መካከል የሚሠራውን የወንጌል ሥራ እንዴት እንደግፍ?” ብለው ይጠይቃሉ። ውይይቱም ብዙውን ጊዜ ወደ ገንዘብ፣ ወደ ቪዛና ወደ አጭር ጊዜ ጉዞ ያመራል። እነዚህ ሁሉ ያስፈልጉ ይሆናል። ነገር ግን “ምን ያህል እንላክ?” ከማለታችን በፊት “የተላከው በምን ይጸናል?” ብለን ልንጠይቅ ይገባል። ለዚህ ጥያቄ የወሎ ምድርም የጃፓን ምድርም የሚመሰክሩት አላቸው፤ ምስክርነታቸውም በሚያስገርም ሁኔታ ይገናኛል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሐይቅ ትምህርት ቤት

አባ ኢየሱስ ሞአ በትግራይ በሚገኘው በደብረ ዳሞ ገዳም ተምረው በ13ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ገደማ ወደ ሐይቅ እንደ መጡ ይታወቃል። በደሴቲቱ ላይ ከእርሳቸው በፊት የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን እንደ ነበረ ትውፊቱ ያስረዳል። እርሳቸው የጨመሩት ታላቅ ነገር ትምህርት ቤት ነው። ደቀ መዛሙርትን ሰብስበው ንባብና መጻሕፍትን አስተማሩ፤ መጻሕፍትንም አስጻፉ። በ1280 ወይም በ1281 ለገዳሙ የሰጡት የአራቱ ወንጌላት ብራና እስከ ዘመናችን ደርሷል። በዚህ ብራና ውስጥ የእርሳቸው ሥዕል አለ፤ ለገዳሙ የሰጧቸው መጻሕፍት መዝገብም ሰፍሮበታል። መሪው ለተከታዮቻቸው ያወረሱትን ሀብት ለማወቅ ለሚሻ ሰው ይህ መዝገብ በቂ ምስክር ነው።

ከደቀ መዛሙርቱ ሁሉ ስማቸው የገነነው አባ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። ከሸዋ ወደ ሐይቅ መጥተው ለዓመታት በኢየሱስ ሞአ እግር ሥር ተማሩ፤ ከዚያም ወደ ደብረ ዳሞ ሄደው ቆዩ። በመጨረሻ ወደ ትውልድ አገራቸው ተመልሰው ደብረ አስቦን መሠረቱ፤ ይህም በኋላ ደብረ ሊባኖስ የተባለው ገዳም ነው። በ14ኛው መቶ ዘመን የዚያ ገዳም ልጆች በሸዋና ከሸዋ ባሻገር ባሉ አገሮች ለስብከት ተሰማሩ። የታሪክ ሊቁ ታደሰ ታምራት ስለ መካከለኛው ዘመን የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያንና መንግሥት በጻፉት መጽሐፍ ሐይቅ ለዚህ መስፋፋት ምን ያህል መሠረት እንደ ነበረ በሰፊው አሳይተዋል።

በእኛና በእነዚህ አባቶች መካከል የአስተምህሮ ልዩነት እንዳለ አንባቢ ያውቃል፤ ስለ ምንኩስናም፣ ስለ ቅዱሳን ምልጃም የምንለው አንድ አይደለም። ገድሎቻቸው ከዕረፍታቸው ብዙ ዘግይተው የተጻፉ በመሆናቸውም እያንዳንዱን ቃል እንደ ታሪክ ሰነድ አንወስደውም። ይሁን እንጂ የተልእኮውን አካሄድ ልብ ብሎ ለተመለከተ ሰው አራት ነገሮች ጎልተው ይታያሉ። አንደኛ፣ መምህሩ በአንድ ስፍራ ረጅም ዘመን ተቀመጡ። ሁለተኛ፣ ተማሪው ከመላኩ በፊት ለዓመታት ተማረ። ሦስተኛ፣ መጽሐፍ ተጽፎ ለተከታዩ ትውልድ ቀረ። አራተኛ፣ የተላከው ሰው የሚሄድበትን አገር ሰውና አኗኗር የሚያውቅ የአገሩ ልጅ ነበር። ሐዋርያው ጳውሎስ በ2ኛ ጢሞቴዎስ 2፥2 ላይ ያዘዘው ከአንድ ትውልድ ወደ ሌላው የሚሻገር አደራ በተግባር ይህን ይመስላል።

የሐይቅ ታሪክ ግን ሌላም ገጽ አለው። በ1270 ዐፄ ይኩኖ አምላክ ሥልጣን ከያዙ በኋላ ገዳሙ ከቤተ መንግሥት ጋር ተሳሰረ። የገዳሙ አለቃ “ዐቃቤ ሰዓት” የሚለውን ማዕርግ ይዞ በንጉሡ ዘንድ ታላቅ ባለሥልጣን ሆነ፤ ርስትና ጉልትም መጣ። ይህ ድጋፍ ለትምህርቱ ጊዜና ሰላም እንደ ሰጠ አይካድም። ነገር ግን የወንጌሉ ስም ከገዢው ስም ጋር ሲታሰር ሕዝቡ ሁለቱን መለየት እየተሳነው ይሄዳል። የዚህን ውጤት ለማየት ከሐይቅ ርቀን መሄድ አያስፈልገንም።

ቦሩ ሜዳ

ከሐይቅ ወደ ደሴ ሲመለሱ ቦሩ ሜዳ ይገኛል። በ1878 ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ፣ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ በተገኙበት፣ በዚህ ሜዳ ጉባኤ አደረጉ። ጉባኤው በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የነበረውን የትምህርት ክርክር ከዘጋ በኋላ፣ የወሎ ሙስሊሞች በተወሰነላቸው ጊዜ ውስጥ እንዲጠመቁ ታወጀ። ከመሪዎቹ ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ እኒህም በኋላ ንጉሥ ሚካኤል የተባሉት ናቸው። ኢማም አመዴ ሊበንም ኃይለ ማርያም ተባሉ። ተራው ሕዝብ ግን ከሦስት ተከፈለ። አንዳንዱ አገሩን ጥሎ ተሰደደ። አንዳንዱ እንደ ሼኽ ጦልሃ ያሉ መሪዎችን ተከትሎ በጦር ተቃወመ። ብዙው ደግሞ በውጭ ክርስቲያን፣ በቤቱ ሙስሊም ሆኖ ኖረ፤ ቀን ቤተ ክርስቲያን ቆሞ ማታ የሚሰግድ ሆነ።

ዐዋጁ ያወጣው ሰው የአንድነት አሳብ ነበረው፤ አገሪቱም በውጭ ጠላት የተከበበችበት ዘመን ነበር። ቢሆንም በሰይፍ ጥላ ሥር የተደረገው ጥምቀት ልብን አልለወጠም። ከዚያም የከፋው፣ የወንጌልን ስም በብዙ የወሎ ቤተሰብ ትዝታ ውስጥ ከግዳጅ ጋር ማያያዙ ነው። ዛሬ በወሎ ሙስሊምና ክርስቲያን በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ይኖራሉ፤ በኀዘንና በደስታ አይለያዩም። በዚህ ምድር የሚያገለግል ሰባኪ ይህን ሰላም የሚያከብር፣ ያንንም ትዝታ የሚያውቅ መሆን አለበት። ጎረቤቱ “ዘመድ ልታደርገኝ ነው ወይስ ልታስገድደኝ?” ብሎ በልቡ የሚጠይቀው ያለ ምክንያት አይደለም።

በአንድ ዘመን የተዘጉ ሁለት በሮች

ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ ሁለት መቶ ዓመት ተኩል ቀደም ብሎ ኢትዮጵያ ራሷ የውጭ ሚስዮናውያን የተላኩባት አገር ነበረች። በ16ኛው መቶ ዘመን የኢየሱሳውያን ማኅበር መልእክተኞች በሕንድ የምትገኘውን ጎዋን መነሻ አድርገው ወደ ብዙ አቅጣጫ ይሰማሩ ነበር። ፍራንሲስ ዣቪየር በ1549 በጃፓን ካጎሺማ ወረደ። አንድሬ ደ ኦቪየዶ ደግሞ በ1557 ኢትዮጵያ ገባ። የሁለቱ አገሮች የተልእኮ ታሪክ ከዚያ ጀምሮ መንታ ይመስላል።

በኢትዮጵያ በ1603 የደረሰው ፔድሮ ፓኤዝ ግዕዝና አማርኛ ተምሮ፣ በትዕግሥት አስተምሮ በብዙዎች ዘንድ ተወደደ። ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 የካቶሊክን እምነት በይፋ ተቀበሉ፤ ፓኤዝም በዚያው ዓመት ዐረፈ። በ1625 የመጣው ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ግን የአገሩን ሥርዐትና ጾም በአንድ ጊዜ ሊለውጥ ተነሣ፤ የንጉሡ ኃይልም ከኋላው ነበር። ደም ፈሰሰ። በ1632 ሱስንዮስ የቀድሞውን ሃይማኖት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ፤ ሚስዮናውያኑም ብዙም ሳይቆይ ተባረሩ።

በጃፓንም ነገሩ በትምህርት ተጀመረ። ዣቪየር በመጀመሪያ ለእግዚአብሔር “ዳይኒቺ” የሚለውን ቃል ይጠቀም ነበር። ቃሉ የአንድ ቡድሃ መጠሪያ መሆኑን የተረዳው ዘግይቶ ነው፤ እስከዚያው ሰሚዎቹ አዲስ የቡድሂዝም ወገን የመጣ መስሏቸው ነበር። ከእርሱ በኋላ በ1579 የመጣው አሌሳንድሮ ቫሊኛኖ ሚስዮናውያን የአገሩን ቋንቋና ወግ አጥብቀው እንዲማሩ አዘዘ፤ ለጃፓናውያን ወጣቶችም ትምህርት ቤቶች ከፈተ። በዚህ መንገድ ብዙ ፍሬ ታየ። ነገር ግን ጎን ለጎን ሌላ መንገድም ነበር። ኦሙራ ሱሚታዳ የተባለው መስፍን በ1563 ከተጠመቀ በኋላ የግዛቱ ሕዝብ በጅምላ እንዲጠመቅ ተደረገ፤ ቤተ መቅደሶችም ፈረሱ። በ1580 የናጋሳኪን ወደብ ለኢየሱሳውያን ሰጠ። ጠመንጃና ሐር የሚያመጣው የፖርቱጋል መርከብና መስቀሉ በአንድ ወደብ ታዩ።

የማዕከላዊው መንግሥት ገዢዎች ይህን በጥርጣሬ ተመለከቱ። በ1587 ቶዮቶሚ ሂዴዮሺ ሚስዮናውያን እንዲወጡ አዘዘ። በ1597 በናጋሳኪ 26 ክርስቲያኖች ተሰቀሉ። በ1614 የቶኩጋዋ መንግሥት ክርስትናን በአገሪቱ ሁሉ ከለከለ። ከ1637 እስከ 1638 የቆየው የሺማባራ ዐመፅ በብዙ እልቂት ከተደመሰሰ በኋላ፣ በ1639 የፖርቱጋል መርከቦች ወደ ጃፓን እንዳይመጡ ተከለከለ። ፋሲለደስ ሚስዮናውያንን ባስወጡበት በዚያው ዐሥር ዓመት የጃፓንም በር ተዘጋ። በሁለቱም አገሮች በትዕግሥት የተተከለውን የነቀለው የኃይልና የችኮላ አካሄድ ነበር።

በር ከተዘጋ በኋላ የቀሩት

ከዚህ በኋላ በጃፓን የሆነው ነገር ለማንኛውም ቤተ ክርስቲያን መሪ የሚያስጨንቅና የሚያጽናና ታሪክ ነው። ሕዝቡ በየቤተሰቡ በቡድሃ ቤተ መቅደስ እንዲመዘገብ ተደረገ። የተጠረጠረ ሰው የክርስቶስን ወይም የማርያምን ምስል በእግሩ እንዲረግጥ ይገደድ ነበር። በናጋሳኪ አካባቢና በደሴቶቹ ያሉ ገበሬዎችና ዓሣ አጥማጆች ግን እምነታቸውን በስውር ያዙ። ካህን አልነበራቸውም። ከመካከላቸው አጥማቂ መረጡ፤ የበዓላትን ቀን የሚቆጥርም መረጡ። ጸሎቱን እናት ለልጅ በቃል አስተላለፈች። ሁለት መቶ ዓመት አለፈ።

በመጋቢት 1865 በናጋሳኪ ለውጭ አገር ሰዎች ወደ ተሠራው ወደ ኦውራ ቤተ ክርስቲያን ከኡራካሚ መንደር ጥቂት ሰዎች መጡ። ከእነርሱ መካከል አንዲት ሴት ለካህኑ ለፔቲዣን ቀርባ እምነታቸው ከእርሱ እምነት ጋር አንድ እንደ ሆነ በሹክሹክታ ነገረችው። እገዳው ገና አልተነሣም ነበርና ከሦስት ሺሕ የሚበልጡ የኡራካሚ ክርስቲያኖች ከቀያቸው ተግዘው ብዙዎቹ በግዞት ሞቱ። እገዳውን የሚያውጀው ሰሌዳ ከየአደባባዩ የወረደው በ1873 ነው።

የወሎ አንባቢ እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይችላል። በቦሩ ሜዳ ዐዋጅ ማግስት በውጭ ክርስቲያን፣ በውስጥ ሙስሊም ሆነው የኖሩት ሰዎችና በውጭ ቡድሂስት፣ በውስጥ ክርስቲያን ሆነው የኖሩት የናጋሳኪ ገበሬዎች በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ። ሁለቱም ሕሊናን በዐዋጅ ማዘዝ እንደማይቻል መሰከሩ። ለናጋሳኪዎቹ ጽናት እግዚአብሔርን የምናመሰግን ከሆነ፣ የወሎዎቹንም ሰዎች ሥቃይ ልናከብር ይገባናል። ይህ ለወንጌል ሰባኪ የፍትሕ ጉዳይ ነው።

ሆኖም የስውሮቹ ታሪክ አሳዛኝ ጎንም አለው። መጽሐፍ ቅዱስ በሙሉ በቋንቋቸው በእጃቸው አልነበረም። ከላቲንና ከፖርቱጋልኛ የተወሰዱት የጸሎት ቃላት ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲተላለፉ ትርጉማቸው እየጠፋ ሄደ፤ ከአካባቢው ልማድ ጋርም ተቀላቀሉ። አንዳንድ ቤተሰቦች እገዳው ከተነሣ በኋላም ወደ ቤተ ክርስቲያን ሳይመለሱ የአባቶቻቸውን ሥርዐት ብቻ ይዘው ቀሩ። ሰዎቹ ጸኑ፤ ቃሉ ግን በእጃቸው ስላልነበረ ትምህርቱ ደበዘዘ። የሐይቁ መምህር ለምን መጻሕፍት እንዳስጻፉ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም።

ከእኛው አብያተ ክርስቲያናት ታሪክ የወላይታን ምሳሌ ማነጻጸር ይቻላል። የጣልያን ወራሪዎች በ1937 ሚስዮናውያንን ከወላይታ ሲያስወጡ የተጠመቁት አማኞች 48 ያህል ነበሩ። ሚስዮናውያኑ ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ 10 ሺሕ ያህል አማኞች እንዳገኙ ይነገራል። በዚያ ዘመን ያስተማሩት፣ የታሰሩትና የተገረፉት የአገሩ ሰዎች ናቸው። በእጃቸው የነበሩት የቃሉ ክፍሎች ጥቂት ቢሆኑም ይነበቡ ነበር።

በሩ እንደገና ሲከፈት

ወንጌላውያን ሚስዮናውያን ወደ ጃፓን የገቡት በ1859 ነው። ክርስትና ገና የተከለከለ ስለ ነበር በይፋ መስበክ አይቻልም ነበር። ሐኪሙ ጄምስ ሄፕበርን ይህን ዘመን በከንቱ አላሳለፈውም። በሽተኞችን እያከመ ቋንቋውን ተማረ፤ በ1867 የጃፓንኛና የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አሳተመ። ከሌሎች ጋር የሠራበት የአዲስ ኪዳን ትርጉም በ1880 ተፈጸመ፤ ብሉይ ኪዳንም በዚያው ዐሥር ዓመት ማብቂያ ተከተለ። ሥራው ከሃያ ዓመት በላይ ፈጅቷል። እርሱ በሚኖርባት በዮኮሃማ የመጀመሪያዋ የጃፓናውያን ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን በ1872 ስትመሠረት እገዳው ገና አልተነሣም ነበር።

ከጃፓናውያን መካከል ኒጂማ ጆ በ1864 ሕግ ተላልፎ በመርከብ ወደ አሜሪካ ሄደ፤ ተምሮ በ1874 ተመለሰና በሚቀጥለው ዓመት በኪዮቶ ዶሺሻ የተባለውን ትምህርት ቤት መሠረተ። ኡቺሙራ ካንዞ ደግሞ በሳፖሮ የእርሻ ትምህርት ቤት ተማሪ ሳለ አመነ። በዚያ ትምህርት ቤት አሜሪካዊው ዊልያም ክላርክ የቆየው ስምንት ወር ያህል ብቻ ነው፤ የእርሱ ተማሪዎች ግን ከእነርሱ በኋላ ለመጡት ተማሪዎች መስክረው ኡቺሙራን የመሳሰሉ ሰዎች አገኙ። ኡቺሙራ በኋላ ኢየሱስንና ጃፓንን አብሮ የሚወድ፣ ከውጭ ማኅበራት ቁጥጥር ነጻ የሆነ ክርስትና እንዲኖር ደከመ። “ቤተ ክርስቲያን አልባ” የተባለው እንቅስቃሴው ስለ ቤተ ክርስቲያን ያለው ትምህርት ለእኛ የሚያጠያይቅ ነው። ጥያቄው ግን ተገቢ ነበር፤ ክርስቶስን ለማመን ጃፓናዊነትን መተው አለብኝ ወይ?

እኛስ እንዴት እንደግፍ?

ኢትዮጵያና ጃፓን ለረጅም ዘመን ሲተያዩ የኖሩ አገሮች ናቸው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 ጃፓንን ጎብኝተው ሲመለሱ “ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን” የተባለውን መጽሐፍ ጻፉ። ብዙ ጃፓናውያንም በ1964 በቶኪዮ ጎዳናዎች የሮጠውን አበበ ቢቂላን ያስታውሳሉ። የቅኝ ገዢ መርከብ ይዞ ያልሄደ ሕዝብ ልጅ በዚያ አገር ያለ ያ ጥላ መቆም ይችላል። ይህ ትንሽ ስጦታ አይደለም። ከላይ ካየነው ታሪክ በመነሣት ለአብያተ ክርስቲያናትና ለሴሚናሪዎች የሚከተለውን አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ሰው ስንልክ ለዓመታት የሚቀመጥ ሰው እንላክ፤ ከዚያ ውስጥም የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ለቋንቋ ይሁኑ። “ስንት ሰው አመነ?” የሚለውን የሪፖርት ጥያቄ በእነዚያ ዓመታት አንጠይቀው። ቋንቋ የማያውቅን መልእክተኛ ቁጥር መጠየቅ ወደ “ዳይኒቺ” ስሕተት ይገፋዋል።

ሁለተኛ፣ ያሉትን የጃፓን አብያተ ክርስቲያናት እናገልግል። ብዙዎቹ ትንንሽ ናቸው፤ መሪዎቻቸውም በዕድሜ የገፉ ናቸው። የእኛ መልእክተኛ የራሱን ስም የያዘ አዲስ ማኅበር ከመክፈት ይልቅ በአንድ ጃፓናዊ መጋቢ ሥር ረዳት ሆኖ መሥራትን ክብር ይቁጠረው።

ሦስተኛ፣ በአገራችን ለሥራ የሚኖሩ ጃፓናውያን አሉ። ቤታችንን እንክፈትላቸው፤ ቡና እናፍላ፤ በበዓል ቀን እንጥራቸው። ፍቅራችን ማጥመጃ አይሁን፤ ስለ ተስፋችን ከጠየቁን ግን በየዋህነት እንመልስ። እንዲሁም ለትምህርትና ለሥራ ወደ ጃፓን የሚሄዱ ምእመናኖቻችንን ሳንባርክና ሳናስተምር አንሸኛቸው።

አራተኛ፣ ከመንግሥት፣ ከንግድና ከእርዳታ ኃይል ጋር የተጣበቀ ስብከት አንደግፍ። ሰው እንጀራ ወይም ሥልጣን ፈልጎ የሚጠመቅበትን መንገድ ናጋሳኪም ቦሩ ሜዳም አሳይተውናል።

አምስተኛ፣ ጸሎታችን ስም ያለው ይሁን። አንዲት አጥቢያ አንዲት የጃፓን ከተማን፣ በዚያም ያለችን አንዲት ቤተ ክርስቲያን ይዛ ለዓመታት ትጸልይ፤ ደብዳቤ ትጻጻፍ።

ይህን ሁሉ ለማድረግ የሚከብደን በገንዘብ እጥረት ብቻ አይደለም። ፈጣን ፍሬ ለምደናል። በአገራችን ብዙ ሺሕ ሰው በአንድ ሜዳ ሲሰበሰብ አይተናል፤ በጃፓን ዐሥር ሰው ባለበት ጉባኤ ዕድሜውን የሚፈጽም መልእክተኛ የከሸፈ ሊመስለን ይችላል። ፈተናው ያለው እዚህ ላይ ነው። በቁጥር የምንለካ ከሆነ ከጥቂት ዓመት በኋላ እንጠራዋለን፤ እርሱም ቋንቋውን ሊናገር በጀመረበት ቀን ሻንጣውን ያስራል።

አባ ኢየሱስ ሞአ ሐይቅ በደረሱ ጊዜ በዙሪያቸው የነበረው ውሃና ጥቂት መነኮሳት ነበር። እርሳቸው ያስተማሩት ሰው ያስተማራቸው ሰዎች የት ድረስ እንደ ሄዱ በዐይናቸው አላዩም። ያስጻፉት ወንጌል ግን ከሰባት መቶ ዓመት በኋላም አለ። በናጋሳኪም ስማቸው ያልተጻፈ እናቶች ለልጆቻቸው ያስተማሩት ጸሎት ሁለት መቶ ዓመት ተሻግሯል። የመከሩ ጌታ ዘመንን የሚቆጥረው እንደ እኛ አይደለም። እኛም ለጃፓን የምንልከው ሰው፣ የምንጽፈው ደብዳቤና የምንጸልየው ጸሎት ፍሬውን ሌላ ትውልድ ቢያየው ሳንሰለች እንድንዘራ እግዚአብሔር ይርዳን።